በአንድ ሰዓት የት ይደረሳል? የጅማ ዙሪያ የመድረሻ ካርታ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ግንቦት 18፦ ጥያቄው

ሁለት ጥያቄ ይዘን ተነሥተናል። በቀርሳ፣ በማና፣ በሰቃ ጨቆርሳና በዴዶ ወረዳዎች ከሚኖረው ሕዝብ በእግሩ አንድ ሰዓት ተጉዞ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው የቱ ነው? ሪፈር የተጻፈለትን ታካሚስ በመኪና በአንድ ሰዓት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ማድረስ የሚቻለው ከየትኞቹ ጤና ጣቢያዎች ነው?

የተለመደው መልስ ክብ ነው። ጤና ጣቢያውን መሃል አድርጎ 5 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ይሣላል፤ 78.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ «ተደራሽ» ይባላል። ክቡ ግን የአዌቱን ወንዝ ያለ ድልድይ ይሻገራል፣ የቦዬን ረግረግ እግሩ ሳይረጥብ ያልፋል፣ ወደ ጅሬን የሚወጣውን ዳገት እንደ ሜዳ ይቆጥራል። በዚህ ክብ አምኖ ጤና ኬላ የት ይሠራ የሚል ውሳኔ ከተወሰነ የሚጎዳው ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው ነው።

እኛ የምንሠራው በመንገድ መረብ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በየመንገዱ እየሄደ ሴኮንድ ይደምራል። 3600 ሲሞላ ይቆማል፤ የቆመባቸውን ቦታዎች በአንድ መስመር ይከብባል። ይህ አይሶክሮን የሚባለው ነው፤ እዚህ «የመድረሻ ክልል» እንለዋለን። ክልሉን በቀጥታ የሚሰጡ ሦስት ክፍት መሣሪያዎች መርጠናል፦ ኦፕንራውትሰርቪስ፣ ቫልሃላና ግራፍሆፐር። ሦስቱም መንገዱን የሚያነቡት ፈቃደኞች ከሚሥሉት ክፍት የዓለም ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። ኦኤስአርኤም የሚባለው ሌላ መሣሪያ በጣም ፈጣን ቢሆንም የመድረሻ ክልል የሚሰጥ አገልግሎት አብሮት ስለሌለ ትተነዋል።

ግንቦት 19፦ የመጀመሪያው ጥሪ

በኦፕንራውትሰርቪስ የሕዝብ ሰርቨር ጀመርን። የመጠቀሚያ ቁልፍ (የይለፍ ኮድ) ይወሰዳል፤ ከዚያ ነጥቡ፣ የጉዞው ዓይነት፣ የጊዜው ገደብ ተጽፎ ይላካል፤ «ጥሪ» የምንለው ይህን ነው። ምላሹ በጂኦጄሰን፣ የካርታ ቅርጽ በሚይዝ የፋይል ዓይነት፣ ይመጣል፤ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ጎትቶ መክፈት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ነው። የጅማ መሃል በግምት 7.67 ሰሜን፣ 36.83 ምሥራቅ ነው። ከስልክ ካርታ ላይ ሲቀዳ 7.67 ይቀድማል፤ ኦፕንራውትሰርቪስ ግን እንደ ጂኦጄሰን ደንብ ምሥራቁን ያስቀድማል። ተገልብጦ ከተላከ ነጥቡ አልጄሪያ ውስጥ አናባ ከተማ አጠገብ ያርፋል። ሰርቨሩ የዓለም ሁሉ መንገድ ስላለው ስሕተት ነው አይልም፤ የሚያምር የአናባ ካርታ ይልካል። ቫልሃላ ሁለቱን ቁጥሮች በስም ለይቶ ስለሚጠይቅ ማምታታት ይከብዳል፤ ግራፍሆፐር ደግሞ በጥሪው አድራሻ ላይ ሰሜኑን ያስቀድማል። ሦስቱን ለሚያፈራርቅ ሰው መድኃኒቱ አንድ መስመር ማጣሪያ ነው፦ ምሥራቁ ከ35.9 እስከ 37.8፣ ሰሜኑ ከ6.7 እስከ 8.7 ካልሆነ ጥሪው አይላክ።

ሁለተኛው የጊዜ መለኪያው ነው። ኦፕንራውትሰርቪስና ግራፍሆፐር ሴኮንድ፣ ቫልሃላ ደቂቃ ይቀበላሉ። ለአንድ ሰዓት ብሎ 60 ለኦፕንራውትሰርቪስ የላከ ሰው የአንድ ደቂቃ ክልል ይደርሰዋል፤ በእግር 83 ሜትር ገደማ። ካርታው ላይ ነጠብጣብ ስለሚመስል «መንገድ የለም» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል።

ግንቦት 22፦ የራስ ሰርቨር

የሕዝቡ ሰርቨር በአንድ ጥሪ ከ5 ነጥብ በላይ አይቀበልም፤ ለመኪና ደግሞ ከአንድ ሰዓት አያሳልፍም። ጥያቄያችን ልክ ገደቡ ላይ ነው፤ በክረምት 90 ደቂቃን ማየትም እንፈልጋለን። ስለዚህ ቫልሃላን በዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አሽጎ በሚያስነሣ መሣሪያ) በራሳችን ላፕቶፕ ላይ አቆምን። 8 ጊጋ ባይት ራም ላለው ማሽን የኢትዮጵያ መንገድ ከባድ አይደለም።

አካሄዱ፦ የኢትዮጵያን ፋይል የኦፕንስትሪትማፕን ዳታ በየአገሩ ከሚያቀርበው ጂኦፋብሪክ ማውረድ፤ በኦስሚየም፣ ይህን ፋይል በሚቆርጠው መሣሪያ፣ የሚያስፈልገውን ቆርጦ ማውጣት፤ ፋይሉን ዶከሩ በሚያነበው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ፤ የከፍታ ዳታ እንዲካተት የሚያዘውን ምርጫ ማብራት፤ ከዚያ ማስነሣት። ታይሎቹን (ለስሌት የተዘጋጁትን የመንገድ ቁራጮች) ሠርቶ ሲጨርስ በ8002 ፖርት (ጥሪ በሚቀበልበት የላፕቶፑ በር) ይመልሳል። ከፍታውን ታይሉ ከተሠራ በኋላ ማብራት ዋጋ የለውም፤ ግንባታው እንደገና መጀመር አለበት።

አቆራረጡ ላይ ስስት አያስፈልግም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በየአቅጣጫው 0.73 ዲግሪ ማለት ነው። በዚህ ላይ መንገዱ ከሣጥኑ ወጥቶ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ከላይ ለማጣሪያ የጻፍነው ሣጥን፣ ከ35.9 እስከ 37.8 እና ከ6.7 እስከ 8.7፣ ለዚህም በቂ ነው። ጠበብ ተደርጎ የተቆረጠ ፋይል ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የመድረሻው ክልል በአንድ ጎኑ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ቫልሃላ በነባሪው (ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር) በአንድ ጥሪ ከ4 የጊዜ መስመር በላይ፣ ከ120 ደቂቃም በላይ አይሠራም። በሴቲንግ ፋይሉ ይነሣል፤ እኛ ግን 30፣ 60፣ 90 እና 120 ስለሚበቃን አልነካነውም።

ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ምላሽ እንደመጣ ለብቻው ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል፤ ስሙም የጤና ጣቢያውን መለያ፣ የጉዞውን ዓይነት፣ ደቂቃውንና መንገዱ የወረደበትን ቀን ይይዛል። መብራት ቢሄድ ሲመለስ ያለውን ፋይል ዘሎ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁሉን ሰብስቦ መጨረሻ ላይ የሚጽፍ ስክሪፕት መሥራት የሰዓታትን ሥራ በአንድ የመብራት መቋረጥ ማጣት ነው።

ግንቦት 25፦ ነጥቡ መንገድ ላይ ሲሳብ

የጤና ጣቢያው ነጥብ ግቢ ውስጥ እንጂ መንገድ ላይ አይደለም። ፕሮግራሙ ከማስላቱ በፊት ነጥቡን ቅርብ ወዳለው መንገድ ይስበዋል። ከዚህ ሥራ ሁሉ አደገኛው ድምፅ አልባ ስሕተት ያለው እዚህ ነው።

ኦፕንራውትሰርቪስ በ350 ሜትር ውስጥ መንገድ ካጣ ስሕተት መሆኑን ይናገራል፤ ይህ መልካም ጠባይ ነው። ቫልሃላ ግን በነባሪው እስከ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈልጋል። ወደ ጤና ኬላው የሚወስደው መንገድ ካርታው ላይ ካልተሣለ ነጥቡን ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ጠጠር መንገድ ላይ አስቀምጦ ከዚያ ማስላት ይጀምራል። የተዘለለው ርቀት በሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም። የሚወጣው ክልል ሰፊና የሚያኮራ ነው፤ ውሸት ነው።

መፍትሔው ቫልሃላ ውስጥ አለ። የተላከውንና የተሳበውን ነጥብ አብሮ እንዲመልስ ማዘዝ ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለካን፤ ከ100 ሜትር በላይ የሆነውን ሁሉ ወደ «ይታይ» ዝርዝር አወጣን። ፍለጋውንም ወደ 300 ሜትር አሳጠርነው፤ ካጣ ይናገር።

የርቀቱ ምክንያት ሁልጊዜ የመንገድ አለመሣል አይደለም። ከቆየ የወረቀት ካርታ የተነበበ ነጥብ አዲንዳን በሚባለው የድሮ የመለኪያ መነሻ (ዳተም) የተለካ ሊሆን ይችላል፤ ጂፒኤስ የሚሠራው ደግሞ በደብልዩጂኤስ 84 ነው። ሳይቀየር ከገባ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ከተማ ውስጥ ይህ ርቀት ነጥቡን ከአዌቱ ወዲህ ወደ ማዶ ለማሻገር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ድልድዩን ለመፈለግ የሚዞር ይሆናል። ብዙ ነጥብ በአንድ አቅጣጫና በእኩል ርቀት ከተዛነፈ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ኪውጂአይኤስ ላይ መነሻውን በትክክል መንገር ያስተካክለዋል።

ግንቦት 26

ስም። አንዱ ቦታ በቁቤ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይመጣል፤ በቁቤም ቢሆን አናባቢ የሚያጠብቅና የሚያላላ አለ። ሁለት ዝርዝር በስም ማገናኘት ስለማያዛልቅ ለእያንዳንዱ ተቋም የራሳችንን ቁጥር ሰጠን።

ግንቦት 29፦ ፍጥነት

ከጅማ ወደ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፕሮግራሙ በሰዓት 80 ብሎ ካሰበው 34 ደቂቃ ይፈጃል፤ 50 ካለው 54፤ 40 ካለው 67 ደቂቃ። እንግዲህ አጋሮ በአንድ ሰዓት ክልል ውስጥ መግባትና መውጣቷ የሚወሰነው በአንድ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ማንም ያልለካው ነባሪ ሊሆን ይችላል።

ፕሮግራሞቹ ፍጥነት የሚሰጡት መንገዱ ካርታው ላይ ካለው ደረጃ፣ ከገጹ ዓይነትና ከፍጥነት ገደቡ ነው። የገጹ መለያ ባዶ ከሆነ ከደረጃው ተነሥተው ይገምታሉ፤ ግምቱ ለእኛ አገር ጠጠር መንገድ ብዙውን ጊዜ የበዛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በኦቨርፓስ፣ ኦፕንስትሪትማፕን ጠይቆ ዳታ በሚያወጣው አገልግሎት፣ የአካባቢውን መንገድ አውጥተን ገጹ ያልተጻፈለትን ሁሉ በቀይ ቀባን። አስፋልት፣ ኮብል፣ ጠጠር ወይም አፈር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ይሞላል። ይህ እውነተኛ መረጃ ስለሆነ ለሁሉም ይጠቅማል።

ፍጥነት ግን ሌላ ነው። እኛ ለስሌታችን ከከተማ ውጭ ላለ አስፋልት 55፣ ለጠጠር 30፣ ለጥርጊያ መንገድ በበጋ 15 መርጠናል፤ ከብትና እግረኛ መንገዱን እንደሚጋራ አስበን ነው። እነዚህን ቁጥሮች በፓይኦስሚየም (ኦስሚየምን በፓይተን ቋንቋ በሚያሠራው) የጻፍነው ቆርጠን ባወጣነው የራሳችን ፋይል ላይ፣ በፍጥነት ገደብ ቦታ ነው። ወደ ኦፕንስትሪትማፕ አይላኩም። እዚያ ፍጥነት ገደብ ማለት ሕጉ የሚያዘው ነው፤ የእኛን ግምት እዚያ መጻፍ የሌላውን ሰው ሥራ ማበላሸት ነው።

ሌላም አለ። ቫልሃላ ለመኪና ሲያሰላ የእርሻ መንገድን በተቻለው ሁሉ ይሸሻል። ላንድክሩዘር አምቡላንስ ግን ይሄድበታል። የእርሻ መንገድ ምርጫውን ከ0 ወደ 0.5 ከፍ አድርገን ለአምቡላንስ የተለየ ስሌት አቆምን።

ሰኔ 3፦ ከቡናው ጥላ ሥር

የጅማ ዙሪያ ካርታ ከሌላ አካባቢ የሚለየው በዚህ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ መንገድ የሚሣለው በአብዛኛው የሳተላይት ምስል እያዩ ነው። ቡናው ግን በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚመላለስበት የእግር መንገድ ከላይ ሲታይ ቅጠል ብቻ ነው። ካርታው ላይ ባዶ የሆነው ቦታ መንገድ የሌለው ሳይሆን ያልታየ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ስለማያውቅ በአስር ደቂቃ አቋራጭ ጤና ጣቢያ የሚደርሰውን ሰፈር በመኪና መንገድ አዙሮ ከሰዓቱ ውጭ ያደርገዋል።

መፍትሔው እግር ነው። ስልክ ላይ ኦስማንድ የሚባለው የካርታ መተግበሪያ ተከፍቶ በየ5 ሴኮንዱ ነጥብ እንዲመዘግብ ይደረጋል፤ መንገዱ በደርሶ መልስ ይኬዳል። ከዛፍ ሥር ጂፒኤሱ ይዋልላል፤ የሄደውና የተመለሰው መስመር ላይገጥም ይችላል፤ በመካከላቸው አማካይ ይሣላል። ለዚህ ሥራ መስመሩ አሥር ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ግድ የለም። ግድ ያለው መያያዙ ነው። የእግር መንገዱ ጫፍ ከጠጠር መንገዱ ጋር አንድ የጋራ ነጥብ ከሌለው ለዓይን የተነካካ ቢመስልም ለፕሮግራሙ ሁለት የማይገናኙ ዓለማት ናቸው። ጆስም፣ ኦፕንስትሪትማፕን የምናርምበት ፕሮግራም፣ ላይ ያለው ማረጋገጫ እንዲህ ያሉትን ጫፎች ይጠቁማል፤ ከመላክ በፊት ሁልጊዜ መሮጥ አለበት።

መስክ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ልዩነት ያመጣል። «ይህ መንገድ ነው?» ከተባለ መልሱ አዎ ነው። «ክረምት ሲበረታ ሕፃን አዝላችሁ ትሄዱበታላችሁ?» ሲባል ግን ትክክለኛው መልስ ይወጣል። ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ ቢቀርብ ይበልጣል፤ የወንዙን መሻገሪያ፣ የጉብታውን ስም ሰዉ የሚጠራው በዚያ ነው። እግረ መንገድ የሚመዘገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ውሃ ባለበት ሁሉ መሻገሪያው ድልድይ፣ የተጋደመ ግንድ ወይስ በእግር የሚገባበት መሆኑ፤ ለቃሬዛ የሚበቃ ስፋት መኖሩ፤ መንገዱ በሰው ግቢ የሚያልፍ ከሆነ ባለቤቱ የሚፈቅድ መሆኑ። በሰው ጓሮ የሚያልፈውን የግል ብለን ምልክት አድርገንበታል እንጂ ለሁሉም ክፍት አላደረግነውም።

ሰኔ 7፦ አቀበት

ለእግር ስሌት ወደ ግራፍሆፐር ዞርን፤ ምክንያቱም በመንገዱ ተዳፋት መጠን ፍጥነትን መቀየር የሚያስችል የራስ ሞዴል መጻፍ ይፈቅዳል። ቀመሩ ዋልዶ ቶብለር በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በሜዳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ10 ከመቶ አቀበት 3.5፣ በ20 ከመቶ አቀበት 2.5 ይሰጣል። ቁልቁል ሲሆን በ10 ከመቶ እንደ ሜዳው 5፣ በ20 ከመቶ ደግሞ 3.5 ነው፤ በጣም የቆመ ቁልቁለትም ያዘገያልና። የ20 ከመቶ አቀበት አንዱን ኪሎ ሜትር ከ12 ደቂቃ ወደ 24 ያወጣዋል። ግራፍሆፐር ሞዴሉን የሚቀበለው በደረጃ ስለሆነ ቀመሩን በየ5 ከመቶው ቆራርጠን አስገባንበት።

የከፍታው ዳታ የናሳ ኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር የተለካ) ነው፤ ነጥቦቹ 30 ሜትር ይራራቃሉ። እዚህም ቡናው ይመጣል። ራዳሩ ብዙውን ጊዜ የመለሰው የዛፉን አናት እንጂ መሬቱን አይደለም፤ ጫካው የሚጀምርበት ቦታ በዳታው ላይ ገደል ይመስላል። 20 ሜትር በሆነች አጭር ቁራጭ መንገድ ላይ የ5 ሜትር ስሕተት 25 ከመቶ አቀበት ይፈጥራል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ተዳፋቱን ከ100 ሜትር ባላነሰ ርቀት ላይ ማለስለስ፣ ከ35 ከመቶ የሚበልጠውን ደግሞ 35 ላይ ማቆም።

ቶብለር የሚያወራው ስለ ጤነኛና ሸክም ስለሌለው ሰው ነው። ነፍሰ ጡርና አረጋዊ በዚያ አይሄዱም። ለዚህ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚል ሁለተኛ ስሌት ጨመርን። በሜዳ እንኳ ከ5 ወደ 3 መውረድ ስፋቱን ከግማሽ በታች ያደርገዋል፤ ስፋት የሚቀንሰው በፍጥነቱ ስኩዌር ነውና 36 ከመቶ ብቻ ይቀራል። ለእናቶች የምናሳየው ካርታ ይህኛው መሆን አለበት ብለን ወስነናል።

ሰኔ 12፦ ክረምት

ዝናቡ ጠንክሯል፤ የበጋው ካርታ ከእንግዲህ አይሠራም። ሁለት ካርታ ይወጣል።

በእግር ገብተው የሚሻገሩበትን ውሃ ሁሉ በክረምቱ ስሌት መዝጋት አለብን። ቫልሃላ በጥሪው ውስጥ «በዚህ ፖሊጎን (ዝግ ቅርጽ) አትለፍ» የሚል ትእዛዝ ይቀበላል፤ በየመሻገሪያው ላይ 40 ሜትር በ40 ሜትር ሣጥን ሠራን። ገደቡ የፖሊጎኖቹ ዙሪያ ተደምሮ ከ10 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ነው። አንዱ ሣጥን 160 ሜትር ዙሪያ ስላለው በአንድ ጥሪ 62 መሻገሪያ ይዘጋል። ከዚያ በላይ ሲሆን መሻገሪያዎቹን ከፋይሉ ላይ ማውጣትና የክረምት ታይል ለብቻው መሥራት ይሻላል፤ እኛም ለእግሩ ስሌት ያደረግነው ይህንን ነው።

ጥርጊያ መንገዱን በክረምት ከ15 ወደ 6 አወረድን፤ ጥቁር አፈር ያለበትን ግን ጨርሶ ዘጋን። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ጎማ አይዝም፤ አምቡላንሱ ቀስ ብሎ ይደርሳል ብሎ መቁጠር ራስን ማታለል ነው።

ሰኔ 15፦ ባጃጅና ሚኒባስ

በየትኛውም መሣሪያ የባጃጅ ምርጫ የለም። በቫልሃላ የመኪናውን ወስደን ከፍተኛ ፍጥነቱን 35 ላይ አቆምን። ይህ ለአስፋልቱና ለኮብሉ ደህና ነው፤ ለዳገቱ ግን ለጋስ ነው።

ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ነው። የሰዓት ሰሌዳ ስለሌለ የሕዝብ ትራንስፖርት ስሌት የሚሠሩት መሣሪያዎች የሚበሉት ፋይል አይኖርም። እኛ መጠበቂያውን ከሰዓቱ ላይ ቀነስን፤ 20 ደቂቃ ከተጠበቀ ለጉዞ የሚቀረው 40 ነው። ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ከባድ ነው፤ ክፍት ሜዳ ላይ የ40 ደቂቃ ክልል የ60 ደቂቃው 44 ከመቶ ብቻ ነው። ለገበያ ቀንና ለአዘቦት ቀን የተለያየ መጠበቂያ ይያዛል።

ሰኔ 16

አቅጣጫ። ሰው ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣል እንጂ ከዚያ አይነሣም። ግራፍሆፐርና ቫልሃላ ስሌቱን የሚገለብጥ ምርጫ አላቸው፤ ኦፕንራውትሰርቪስም ነጥቡን መድረሻ ማድረግ ይችላል። አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚኬድባቸው የከተማ መንገዶችና በዳገት ላይ ልዩነቱ ይታያል። ጤና ጣቢያው ጉብታ ላይ ከሆነ መነሻ አድርጎ ማስላት ክልሉን ያለ አግባብ ያሰፋዋል።

ሰኔ 19፦ የመስመሩ መልክ

ቫልሃላ በነባሪው ትንንሾቹን ቁርጥራጭ ጥሎ ትልቁን ቅርጽ ብቻ ይመልሳል። ለእይታ ያምራል፤ ከዋናው ክልል የተነጠለ ግን በመንገድ የሚደረስ መንደር ይጠፋል። ይህን ማጽጃ ወደ 0.1 አወረድነው። መስመሩን የሚያቃልለውንም ወደ 50 ሜትር ዝቅ አደረግነው። ኦፕንራውትሰርቪስ ላይ ማለስለሻው ከ0 እስከ 100 ነው፤ ከፍ ሲል ወደ ውስጥ ገባ ያለውን ሁሉ ሞልቶ ረግረጉን ይውጠዋል። 0 ወይም ለእሱ የቀረበ ቁጥር ይያዝ። ያማረ ክብ ቅርጽ ያለው የመድረሻ ክልል ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል፤ እውነተኛው እንደ ዛፍ ሥር የተበታተነ ነው።

ሰኔ 22፦ ከቅርጽ ይልቅ ሠንጠረዥ

ቅርጹ ለካርታ ነው፤ ለቆጠራ አይሆንም። ፕሮግራሙ በሁለት መንገዶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አብሮ ስለሚከብብ «ውስጥ ነው» የተባለ መንደር ከየትኛውም መንገድ 700 ሜትር ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ የትኛው መንደር ይደርሳል የሚለውን የምንመልሰው በማትሪክስ ጥሪ ነው፦ ሁሉም መንደሮች በአንድ ወገን፣ ሁሉም ጤና ጣቢያዎች በሌላ ወገን፣ በየመገናኛው ሴኮንድ። በዚያ ላይ ከመንደሩ እስከ ተሳበበት መንገድ ያለውን ርቀት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ሂሳብ እንጨምራለን፤ 700 ሜትሩ ብቻውን 14 ደቂቃ ነው። ቅርጹና ሠንጠረዡ ያልተስማሙባቸው መንደሮች ዝርዝር ከሁሉም ይጠቅማል፤ ስሕተት ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ የተሸሸገው እዚያ ነው።

ሰኔ 25፦ ስፋትና ሕዝብ

ስፋት በዲግሪ አይለካም። በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ቁጥሩ 32637 ወደሆነው መቀየር አለበት። የዞኑ ወሰን 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ከጅማ 92 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ። ቦንጋ እዚሁ ዞን ውስጥ ናት፤ ሚዛን ተፈሪና መቱ ዞን 36 ውስጥ ናቸው። ሥራውን ወደዚያ ለሚያሰፋ ሰው ይህ መታወቅ አለበት።

ሕዝቡን ወርልድፖፕ ከሚባለው የሕዝብ ብዛት ካርታ፣ ከ100 ሜትር ፍርግርጉ ወሰድን። ይህ ቆጠራ ሳይሆን ግምት ነው፤ አገራዊው ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በስሌት የተገፋ ነው። ትልቅ ክልል ላይ ይረዳል፤ ለአንድ ጎጥ ግን ቁጥሩን መጥቀስ አይገባም። የምናወጣው በሺህ ተጠጋግቶ ነው። ማነጻጸሪያው ደረጃው ነው፦ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቧል።

ድርብ ቆጠራ በሁለት በር ይገባል። የ60 ደቂቃው ክልል የ30ውን በውስጡ ይዟል፤ ስለዚህ ቀለበት ለማግኘት አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። የሁለት ጎረቤት ጤና ጣቢያዎች ክልልም ይደራረባል፤ ከመደመር በፊት ቀልጠው አንድ ቅርጽ መሆን አለባቸው።

ሰኔ 28፦ ጠርዙን መፈተን

ነጥቡ በትክክል ከተሳበ የመድረሻ ክልል መሃሉ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው፤ የሚሳሳተው ጠርዙ ላይ ነው። ስለዚህ ከየክልሉ ከ40 እስከ 80 ደቂቃ ባለው ቀለበት ውስጥ ያሉትን መንደሮች ብቻ ለይተን፣ ፍጥነቱን 20 ከመቶ ከፍና ዝቅ አድርገን ሦስት ጊዜ አሰላን። በሦስቱም ውስጥ የቀረው በአረንጓዴ፣ በሦስቱም ውጭ የሆነው በቀይ፣ የተወዛወዘው በብርቱካናማ ይታያል። አንድ ቀጭን መስመር ከማሳየት ይህ ሐቀኛ ነው፤ ካርታውን የሚያነበው የጤና ባለሙያ ብርቱካናማውን አካባቢ ነዋሪውን ጠይቆ ይወስናል።

የሚቀረው፦ ብርቱካናማዎቹን መንደሮች በእግር ሄዶ በሰዓት መለካት። በዴዶ በኩል ካሉት ዳገቶች ይጀመራል፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ስልክ፣ አንዱ ባዶ እጁን፣ አንዱ ሸክም ይዞ። የሐምሌው ዝናብ ሳያባራ፣ መሻገሪያዎቹ ሞልተው ሳሉ።